የዋሶቹ ሸንጎ

ወይዘሮ ቶለሺ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት የእንግዳዋን ፊት ሳይሆን አንገቷ ሥር የተለጠፈችውን ትርታ ነው። የጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር ናት። በሐዲስ ጨፌ ከተማ ምን እንደሆነች የማያውቅ ሰው የለም። ከዚያ ወደ ኋላዋ አዩ። ሁለት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ አንደኛው የታጠፈ ነጭ ጨርቅ በሁለት ክንዱ ታቅፏል። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር።

«እንደምን አደሩ እማማ፤ በጠዋት ስለመጣንብዎ ይቅርታ ያድርጉልን» አለች እንግዳዋ፣ የውብዳር።

ወይዘሮ ቶለሺ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑና «ኬና! ልጄን! ልጄን!» ብለው በሩ ላይ ቁጭ አሉ። ፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን ገና በመንገድ ላይ እያዘቀዘቀች፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ እያለቀሰች መጣች። ከላይኛው ፎቅም የሚሮጥ እግር ተሰማ።

የውብዳር ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። በርከክ ብላ የሴትየዋን እጅ ያዘች። «እማማ፣ መጋረጃ ነው! መጋረጃ ልለካ ነው የመጣሁት። ልጅዎ ሌሊሴ ናት የጠራችኝ። እነዚህ ሠራተኞቼ ናቸው፤ ይሄም የናሙና ጨርቅ ነው። ማንም አልሞተም!»

«መጋረጃ?»

«መጋረጃ።»

ጎረቤቷ ማልቀሷን አቋርጣ «ታዲያ ምነው በዚህ ሰዓት?» አለች በቁጣ። ሌሊሴ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት እንዲመጡ ነግራቸው ነበር፤ ለእናቷ መንገር ግን ረስታለች። እሷም ፎጣ ጠምጥማ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ ስትል እናቷን መሬት ላይ አገኘቻቸው።

ወይዘሮ ቶለሺ ተነሥተው እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ የውብዳርን ትከሻዋን በጥፊ ብጤ መቷት። «አንቺ ልጅ፣ ዋስ በጠዋት የሰው በር ያንኳኳል? ወይስ ሌሎቻችን ልብ የለንም?»

«ይቅርታ እማማ። አላሰብኩም።»

እውነቷን ነው፤ አላሰበችም። ዓመት ሙሉ ለብሳው የከረመችው ነገር ለሌላው ሰው ምን እንደሚመስል ረስታዋለች። ለዋስ ደግሞ አንገቱን መሸፈን አይፈቀድለትም።

ሴትየዋ ወዲያው አልለቀቋትም። ጠጋ አሉና ሳይጠይቁ ጆሯቸውን አንገቷ ሥር አሳረፉ። የውብዳር የመስኮት መለኪያዋን እንደያዘች ቆመች። የሴትየዋ ፀጉር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ሠራተኞቿ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ።

«የማን እንደሆነ አላውቅም» አሉ ወይዘሮ ቶለሺ ቀና ብለው። «ግን ደህና ነው። የበላ ይመስላል።» ከዚያ «ሸንጎው መቼ ነው የሚቀመጠው?» አሉ።

«የፊታችን ቅዳሜ።»

«እጅሽን እንደገና ታነሺያለሽ?»

የውብዳር መለኪያዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«የኬናን ዋስ ባውቀው እግሩ ላይ ወድቄ እጅህን አውርድልኝ እለው ነበር። አላውቀውም፤ እንዳውቀውም አይፈቀድም። ስለዚህ አንቺን ልለምንሽ። የማንም ልጅ ይሁን፤ የያዝሽውን ልቀቂው።» ይህን ብለው ሊንበረከኩ ሲሉ የውብዳር ክንዳቸውን ይዛ አስቀረቻቸው።

«እሺ እማማ» አለች። ሰው ሲለምናት እሺ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይመጣላትም ነበር። ከዚያ መስኮቶቹን ለካች።

*

አዋጁ አጭር ነው። ሐዲስ ጨፌ ወደ ግንባር የምትልከው ሰው ብዛት ነዋሪዎቿ በሸንጎ ባነሡት እጅ ልክ ነው። እጁን ያነሣ ለአንድ ዘማች ዋስ ይሆናል። ዘማቹ የሚመረጠው በዕጣ ነው፤ ወንድ ወይም ሴት ሊሆን ይችላል፤ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ይሄዳል። የዋሱ ዘመድ አይደለም፤ ለዋሱ ስሙንም አይነግሩትም። የዘማቹን የልብ ትርታ የምታሰማው ጥቁር ነገር ግን በዋሱ አንገት ሥር ትለጠፋለች። ዓመቱ ሲያልቅ ሸንጎው እንደገና ይቀመጣል። ዋሱ እጁን እንደገና ካነሣ ዘማቹ ግንባር ይቆያል፤ ካላነሣ ዘማቹ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ትርታው በመሃል ከቆመ የዘማቹ ቤት የት እንደሆነ ለዋሱ ይነገረዋል፤ በማግስቱ ጠዋት ሰው አስከትሎ ሄዶ መርዶውን የሚያረዳው ራሱ ነው።

መጀመሪያ የተዋጉት ያለ ሰው የሚሄዱ መሣሪያዎች ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች አንዱ የሌላውን መሣሪያ ማሳወር ሲችሉ ግን ከወንዙ ማዶ ያለውን ኮረብታ የሚይዝ ሰው አስፈለገ።

የውብዳር ዓምና እጇን ስታነሣ ብዙም አላመነታችም። ያን ሰሞን ጠላት ወንዙ ዳር ደርሶ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት ሰማዩ ይቀላል፤ ጎረቤቶቿ ሁሉ አንሥተዋል። የአገር ጉዳይ ነው ተባለ፣ እሷም የአገር ጉዳይ ነው አለች። ትርታዋ በተለጠፈላት ዕለት ግን ወደ ቤቷ በእግሯ መሄድ አቃታት። የገዛ ልቧ አንድ ነገር ይላል፤ አንገቷ ሥር ደግሞ ሌላ ሰው የራሱን ይላል። በመንገድ ዳር ባለ ግንብ ላይ ተቀምጣ ረዥም ጊዜ አዳመጠች።

እንዲህ ዓይነቱ ማዳመጥ በከተማው እየተለመደ ሄደ። አውቶቡስ ላይ ስለ ኳስ የሚከራከር ሰው በቃሉ መሃል ዝም ይላል፤ ተከራካሪው ይጠብቀዋል። ቲማቲም የሚመዝን ነጋዴ እጁ አየር ላይ ይቀራል፤ ገዢዋ አታስቸኩለውም። ሐኪሞች ማዳመጫቸውን ደረት ላይ ከማሳረፋቸው በፊት «ያንተን ብቻ ነው የምሰማው» ይላሉ። ሠርግ ላይ ሙሽሪት የዋስ ልጅ ከሆነች አባትየው ሲያነባ በደስታ ይሁን በሌላ ማንም አይጠይቅም።

ባሏ ይትባረክ መጀመሪያ ሰሞን ይቀልድ ነበር። «ሚስት አገባሁ ብዬ ጎረምሳ ይዤ ገባሁ» ይላል ሲተኙ። ቆይቶ ግን እሱም ለመደው፤ ጠዋት ዓይኑን ሳይገልጥ «ልጁ እንዴት አደረ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ልጅ ይሁን ጎልማሳ፣ ወንድ ይሁን ሴት አያውቁም። አንድ ነገር ብለው መጥራት ስላለባቸው ነው ልጁ ያሉት።

የውብዳር ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት ሽቅብ ይወጣል። እሑድ ከሰዓት ይስቃል፤ ሲስቅ ትርታው ዘለል ዘለል ይላል፣ ከፍርሃት ለመለየት ወራት ፈጅቶባታል። በክረምት ታሞ ነበር። እሷም ያን ሰሞን መስፋት አቅቷት የሰው መጋረጃ አዘግይታለች፤ ደንበኞቿ አንገቷን እያዩ «ግድ የለም፣ ሲሻለው» ይሏታል።

ከወይዘሮ ቶለሺ ቤት በተመለሰች ማታ ለባሏ ነገረችው። «ላወርድ ነው።»

ይትባረክ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሁሉም ካወረደስ?»

«ሁሉም የራሱን ያስብ።»

«አንቺ እኮ ነሽ ዓምና የአገር ጉዳይ ነው ያልሽኝ።»

«ዓምና አላውቀውም ነበር» አለች።

*

ሸንጎው የተቀመጠው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አዳራሽ ነው። ሐዲዱ ተነሥቶ ወንበር ተደርድሯል። ዋሶች ከፊት፣ ሌላው ሕዝብ ከኋላና ከፎቁ ላይ ተቀምጧል። የውብዳር አጠገብ የተቀመጡት ጋሽ ገመቹ ነበሩ፤ በጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከከተማው ዋሶች በዕድሜ የሚበልጧቸው ጥቂት ናቸው። አዲስ ጫማ አድርገዋል፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይጮሃል።

«ልጄ ነች የገዛችልኝ» አሉ ለየውብዳር። «ሸንጎ ነው አልኳት፣ ሠርግ መሰላት።»

ዘንድሮ የቀረበው ጥያቄ ከዓምናው የተለየ ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ዋስትናው ጨርሶ እንዲቀር ሐሳብ አቅርበዋል። በመጀመሪያው ጦርነት ሻለቃ የነበሩ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው። ሐሳባቸው ካለፈ ዘመቻው ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል፤ ትርታዎቹ ይነቀላሉ፤ የሚዘምተው ሰው ብዛት በእጅ ሳይሆን በአዛዦች ፍላጎት ይወሰናል። የውብዳር ይህን የሰማች ቀን መርፌዋን አስቀመጠች። ትርታው ከተነቀለ እጇ ምንም አይፈይድም፤ ልጁ እዚያው ይቀራል፤ ይኑር ይሙት የምታውቅበት መንገድ የለም።

ሰብሳቢዋ በዕድሜ ለጋ የሆነች፣ ደንብ የምትወድ ሴት ነበረች። ከመድረኩ ተነሥታ ደንቡ እንደሚለው «ይሰማ» አለች።

ዋሶቹ ትርታዎቻቸውን ለአዳራሹ ከፈቱ።

ዓምና በመጀመሪያው ሸንጎ ላይ የውብዳር ይህን አልሰማችም፤ ያኔ ገና ትርታ አልነበረም። ድምፁ ከአዳራሹ ጣሪያ ወረደ። ሩቅ መንደር ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እህል የሚወቅጥ ይመስላል። አንዱ ፈጠን፣ አንዱ ቀስ፣ አንዱ ረገጥ ረገጥ፤ ሁሉም የየራሱን ይወቅጣል። ፎቁ ላይ የነበሩ ሰዎች ሳይታዘዙ ቆቦቻቸውን አወለቁ። ከዚህ ሁሉ መሃል የራሷን ለመለየት ሞከረች፤ በጆሮዋ አልቻለችም፤ አንገቷ ሥር ስትዳስሰው ግን አለ።

አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን አወጡ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ በዚህ ድምፅ ሥር መከራከር አይቻልም። ይዘጋልኝ።»

«ደንቡ ድምፅ እስኪሰጥ ክፍት ይሁን ይላል። ዝቅ ማድረግ እችላለሁ» አለች ሰብሳቢዋ፤ ዝቅ አደረገችው።

«እንግዲያስ ይሁን።» አቶ ልሳነወርቅ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ። ዋስትናው ሲደነገግ ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበርኩ። ማንም በሌላው ሰው ልጅ ላይ እንደ ዋዛ እጁን እንዳያነሣ ብለን ነው። መልካም አሳብ ነበር። ምን አመጣ ግን? ዛሬ ግማሻችሁ እጃችሁን ልታወርዱ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ጠላት ስለሄደ ነው? አልሄደም። ኮረብታው ስለማያስፈልግ ነው? ኮረብታው ከተለቀቀ ወንዙ ይከተላል። ልታወርዱ የመጣችሁት ስለምትሰሙ ነው። መስማት ከብዷችኋል።»

«ቢከብድስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ቢከብድማ አንዱ አዝኖ የራሱን ዘማች ያስመልሳል፤ አጠገቡ የነበረው ልጅ ግራው ባዶ ይሆናል። ያኛው ልጅስ የሰው ልጅ አይደለም? ርኅራኄ እንደዚህ በዕጣ አይታደልም። ወይ ሁላችንም በእኩል እንዝመት፣ ወይ ሁላችንም እንተው። እየመረጡ ማዘን ግን ጦር ይበትናል።»

ጋሽ ገመቹ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ሻለቃ!» ብለው ተጣሩ። «የራስህ ትርታ የት አለች? ወይስ አንተ የምታወራው ስለ እኛ ጆሮ ነው?»

ሳቅ ተሰማ። አቶ ልሳነወርቅ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው ኮሌታቸውን ገለጥ አደረጉ። ትርታዋ ነበረች። ሳቁ ቆመ።

«ትርታዬ አለች፣ ጋሽ ገመቹ። ከእናንተ እኩል እሰማለሁ።»

«ይቅርታ አንተ ሰው» አሉ ጋሽ ገመቹ፤ ጫማቸው ጮኸ።

ሌሎች ተናገሩ። አንዱ አስገድዶ ማዝመት ራሱ ሐራም ነው፣ ዋስ ኖረው አልኖረው ልዩነት የለውም አለ። አንዷ የወንዙ ዳር ሰዎች ቤታቸው ሲቃጠል የዋስ አዘኔታ አላዳናቸውም አለች። ተራው የውብዳር ዘንድ ደረሰ። እያንዳንዱ ዋስ አንድ ጊዜ የመናገር መብት አለው፤ ሊተወውም ይችላል። ልትተወው ነበር ያሰበችው። እግሯ ግን ቀድሟት ቆመ።

«እኔ…» አለች። ድምፁ የሷ አልመስል አላት። «እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ።»

«ከፍ አድርጊው ልጄ» አሉ ጋሽ ገመቹ በሹክሹክታ።

«ስለ ጦር አላውቅም። ሻለቃ ያሉት ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ሰው አስገድጃለሁ። ልሂድ አላለም፤ በእኔ እጅ ነው የሄደው። ይሄን በየቀኑ የማስታውሰው ስለምሰማው ነው። ድምፁን ከወሰዳችሁብኝ ሰውየው እዚያው ይሆናል፤ እኔ ግን ማስገደዴን እረሳዋለሁ። እኔ መጥፎ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ሁሉም ሰው…»

አልጨረሰችውም። አንገቷ ሥር ያለው ልብ መሮጥ ጀመረ።

እጇን ስትልክ ጋሽ ገመቹም እጃቸውን ሲልኩ አየች። ከኋላዋ አንዲት ሴት «ወይኔ» አለች። ከዚያ ከጣሪያው የሚወርደው ድምፅ ተለወጠ። የሚወቅጡት ሁሉ በየተራ ፈጠኑ፤ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከመሃል። ጥቂት ቆይቶ የተለየ ድምፅ አልቀረም፤ አዳራሹ በሙሉ በረዶ እንደሚወርድበት ቆርቆሮ ሆነ። ሰብሳቢዋ ድምፁን የምትዘጋበት ነገር እጇ ላይ ነበር። አየችው፤ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ኮረብታው ላይ ምን እንደሆነ ማንም ማየት አይችልም። መስማት ብቻ ነው። የውብዳር እንደቆመች ቀረች፤ ቁጭ በይ ያላትም የለም። አቶ ልሳነወርቅ የተናገሩበትን ቦታ ሳይለቁ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እጃቸው ኮሌታቸው ላይ ነው።

ከመሃል ረድፍ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ተነሣች። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም። ነጠላዋን አውልቃ አዘቀዘቀችውና መልሳ ለበሰችው፤ በወንበሮቹ መሃል አልፋ ወጣች። በሩ አጠገብ የነበሩት ሰዎች ገለል አሉላት። ሦስት ጎረቤቶቿ ተከትለዋት ወጡ፤ ነገ ጠዋት የሰው በር ስታንኳኳ ከኋላዋ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ቆይቶ ከጥግ አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

የውብዳር የያዘችውን ልብ ለመነችው። ምን ብላ እንደለመነችው በኋላ አላስታወሰችውም።

ከዚያ ድምፁ መውረድ ጀመረ።

አንድ በአንድ አልነበረም የወረደው። ብዙ ሰው ሩጦ ሲቆም እንደሚሆነው፣ እዚህም እዚያም እየረገበ፣ እየሰፋ፣ እየዘገየ መጣ። ሰዎች መተንፈስ ጀመሩ። ድምፁ ግን ከበፊቱ ልክ ላይ አልቆመም፤ ከዚያም በታች ወረደ። ጠዋት ካዳመጡት ሁሉ የዘገየ፣ የከበደ፣ ረዥም ረዥም ሆነ። በአንድ ትርታና በሚቀጥለው መሃል ያለው ዝምታ የሚያስፈራ ነበር። ከፎቁ ላይ አንድ ሰው «ምን እየሆኑ ነው?» አለ። ሌላው «ቆስለው ይሆን?» አለ። «እየጸለዩ ነው» አለች አንዷ።

«ተኝተዋል» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

ድምፃቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰው ሁሉ ግን ሰማው።

«ከውጊያ በኋላ እንዲህ ነው። ማንም ተኙ አይልህም። ጫማህን ሳትፈታ፣ አፈሩ ላይ፣ አንዱ አንዱ ላይ እንደተደገፈ…»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከዚያ በኋላ የሆነውን የውብዳር ለባሏ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክራ ነበር። ትርታ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሰማው። ከተማው ግንባሩን ይሰማል፤ ግንባሩ ከተማውን አይሰማም። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ሆኖም ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ሲከራከርና ሲስቅ የነበረው ሁሉ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወንበር የሚያንቀሳቅስ ሰው በሁለት እጁ አንሥቶ አስቀመጠው። አንድ ሰው ሊያስል ሲል ዙሪያው ያሉት ዓይናቸውን አፈጠጡበት፤ አፉን በክንዱ አፍኖ እንባው እስኪወርድ ያዘው። ጋሽ ገመቹ ጎንበስ ብለው አዲሱን ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ላይ ተቀዷል።

«አይሰሙንም እኮ» አለ ከኋላ አንድ ወጣት፤ እሱም የተናገረው በሹክሹክታ ነው።

«ቢሆንስ?» አሉት አጠገቡ የነበሩ።

ሰብሳቢዋ ከመድረኩ ወርዳ ወደ ሕዝቡ ቀረበች፤ ከላይ ሆና ለመናገር ድምፅ ከፍ ማድረግ ነበረባት። «ሻለቃ፣ የመዝጊያ ንግግር አለዎት» አለቻቸው፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው ማለት ይቻላል።

አቶ ልሳነወርቅ ቆሙ። ጥቂት ጣሪያውን አዳመጡ። «አሳቤን አልለወጥኩም» አሉ በሹክሹክታ። «ያልኩት ሁሉ ልክ ነው። ንግግሩን ግን ትቼዋለሁ።» ተቀመጡ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዋስትናው ይቅር ወይ የሚል ነበር። ጥቂት እጆች ብቻ ተነሡ። የአቶ ልሳነወርቅ እጅ ከነዚያ መሃል አለ፤ አላወረዱትም። አሳቡ ወደቀ። እልልታም ጭብጨባም አልነበረም። የውብዳር አሁን ቁጭ አለች፤ ትርታዋ አይነቀልባትም፤ እጇ አሁንም ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጥያቄ ያ ዋናው ነበር። ሰብሳቢዋ «የያዛችሁትን የምታቆዩ» አለች፤ ከዚህ ሌላ አልጨመረችም።

ጋሽ ገመቹ እጃቸውን አነሡ።

የውብዳር ደነገጠች። ጠዋት በር ላይ ሲገናኙ ላወርድ ነው ብለዋት ነበር። ዞረው አዩዋት። «የኔው ከነማን ጋር ተደጋግፎ እንደተኛ አላውቅም» አሉ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው። «ቀስቅሼ ብወስደው ያኛው መደገፊያ ያጣል። አልቻልኩም።»

ይህ እሷም ያሰበችው ነበር። ልብ ልብን ተደግፎ ሲተኛ ሰምታለች። በሕይወቷ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ሰምታ አታውቅም፤ የምትሰማም አይመስላትም። ከዚያ መሃል አንዱን ብቻ ነቅሎ ማውጣት በዚያ ሁሉ ሰው እንቅልፍ ላይ መርገጥ መሰላት። ግን ደግሞ ተኝቷል። ክረምቱን ታሞ የከረመው፣ እሑድ የሚስቀው ያ ሰው፣ አሁን በዚች ደቂቃ ምንም ሳይፈራ ተኝቷል። ከእንግዲህ ወዲህ እንዲህ እንዲተኛ የምታደርግበት አንድ መንገድ ነው ያላት። ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

ጋሽ ገመቹ ወደ እጇ አዩ። «ልጄ፣ እጅሽስ?»

«አላነሣም ጋሼ።»

የተቆጡ አይመስሉም ነበር። «እንግዲህ ያንቺን ቦታ የሚሸፍነው የኔው ነው» አሉ፤ እንዲሁ፣ መንገድ እንደሚያስረዳ ሰው።

«አውቃለሁ» አለች። እንባዋ ቢወርድም እጆቿን አላወጣችም።

ቆጣሪዎቹ በእግር ጣታቸው እየሄዱ በረድፎቹ መሃል አለፉ። ካለፈው ዓመት ይልቅ ያነሰ እጅ ነበር፤ አቶ ልሳነወርቅ ከፈሩት ግን የበዛ። ከዚያ ሸንጎው ተበተነ። ማንም ቸኩሎ አልወጣም። ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንዱ ላንዱ በር እየያዘ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወደ ቀኑ ብርሃን ወጡ። አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላም ሰብሳቢዋ ብቻዋን ቁጭ ብላ ከጣሪያው ያልተዘጋውን ድምፅ ስታዳምጥ የጽዳት ሠራተኞቹ አገኟት።

በሳምንቱ የውብዳር ትርታዋ ተነቀለላት። የሰውየውን ስም አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ይትባረክ ጠዋት ዓይኑን ሳይገልጥ «ልጁ እንዴት አደረ?» ብሎ ይጠይቅና ያስታውሳል፤ ይቅርታ ይላታል። የወይዘሮ ቶለሺን መጋረጃ ሰፍታ ጨረሰች፤ ወስዶ የሰቀለው ሠራተኛዋ ነው።

በጥቅምት ኮረብታው ተለቀቀ፤ ጠላት እስከ ወንዙ ወረደ። ጋሽ ገመቹ አንገት ሥር የነበረችው ትርታ የቆመችው በዚያ ሳምንት ነው፤ መርዶውን ያረዱት ራሳቸው ናቸው። በኅዳር ሸንጎው ዓመቱ ሳይሞላ እንደገና ሲጠራ የውብዳር ሄደች፤ ጋሽ ገመቹም መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።